ድንጋዩን ይዘን ቦታውን ጣልነው

በሳይንስ ክፍላችን መደርደሪያ ሥር አንድ የካርቶን ሳጥን አለ። የዘይት ካርቶን ነው። ክዳኑ ላይ በእስክሪብቶ «ከአባይ በረሃ የመጡ» ተብሎ ተጽፎአል፤ ሌላ ምንም የለበትም። ውስጡ ሠላሳ አራት ድንጋዮች አሉ። ዘንድሮ የገቡ ሰልጣኞች ሳጥኑን ከፍተው «ይኸ ምንድን ነው? ማን አመጣው?» ብለው ጠየቁን። እኛው ነን ያመጣነው። ዛሬ በዚሁ ተቋም የምናስተምር፣ ያን ጊዜ ግን እንደ እናንተው እጩ መምህራን የነበርን ሦስት ሰዎች ነን። ለጠያቂዎቹ በቃል ብቻ ከመመለስ ይልቅ በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ለሁሉም ብናወጣው ይሻላል ብለን ብዕር አነሣን። ታሪኩ ለእኛ የሚያኮራ አይደለም። ነገር ግን መምህር የሚያኮራውን ብቻ እየመረጠ ከተናገረ ከሚያስተምረው ነገር ግማሹ ይቀርበታል።

ነገሩ የሆነው በ2007 ዓ.ም. በየካቲት ወር ነው። የሳይንስ ክበባችን አባላት ሃያ ሁለት ሆነን፣ መምህራችንን ይዘን በሌሊት ተነሣን። ስንቃችን ዳቦና ቆሎ ነበር። ረፋዱ ላይ ደጀን ደረስን፤ ከዚያም ቁልቁል ወደ በረሃው ወረድን። ያን መንገድ በአውቶቡስ ያለፈ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ጠመዝማዛውንና ሙቀቱን ነው። መምህራችን ግን አውቶቡሱን በየቦታው እያስቆሙ «ግድግዳውን እዩ፤ ይኸ መጽሐፍ ነው፤ እኛ የምናነበው ከመጨረሻው ገጽ ወደ መጀመሪያው ነው» ይሉን ነበር።

እውነትም ገጾች አሉት። ከላይ፣ አገሩን እንደ ክዳን የሸፈነው ጥቁር ድንጋይ ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ ፈልቶ የፈሰሰ እሳተ ገሞራ ነው። ከእሱ በታች የአሸዋና የጭቃ ድንጋይ ይመጣል። ቀጥሎ ነጣ ቢጫ የሚለው፣ በመደርደሪያ ላይ እንደተከመረ መጽሐፍ ንብብር የሆነው የኖራ ድንጋይ ነው። ይኸኛው የተሠራው በባሕር ውስጥ ነው። ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት በነበረው ዘመን ባሕር ከደቡብ ምሥራቅ በኩል እየሰፋ መጥቶ የዛሬውን የአባይ ሸለቆና የትግራይን ምድር ሸፍኖ ነበር። የዚያ ባሕር ደለል ነው ዛሬ ድንጋይ ሆኖ የሚታየው። ሊቃውንት የአንታሎ የኖራ ድንጋይ ይሉታል፤ ስሙ የተወሰደው በትግራይ ከምትገኘው አንታሎ ነው። ስሙን ያወጣለት በ1860 ዓ.ም. በአፄ ቴዎድሮስ ላይ ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው ዊልያም ብላንፎርድ የተባለ የሥነ ምድር ሊቅ ነበር።

አውቶቡሱ ከኖራ ድንጋዩ አጠገብ ቆመና ወደ አንድ ፈፋ ገባን። በጋ ስለነበር ፈፋው ደርቋል፤ ክረምት ላይ ከላይ ጠርጎ ያመጣውን ድንጋይ ወለሉ ላይ ዘርግቶ ትቶታል። አምስት ደቂቃ እንኳ አልሄድንም። ከመካከላችን አንዷ ጎንበስ ብላ አንድ ነገር አነሣችና «እንዴ! ዛጎል!» አለች። ዛጎል ነበር። አንድም የባሕር ጠረፍ በሌለበት፣ ፍየል በሚውልበት በረሃ ውስጥ ድንጋይ የሆነ የባሕር ዛጎል መዳፏ ላይ ተቀምጧል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ዛሬ ስናስበው እናፍራለን። ሩጫ ሆነ። ፈፋው ወደ ላይ አራት ቦታ ይከፈላል፤ እኛም አራት ቦታ ተበታተንን። አንዱ «እኔ ሰባት አገኘሁ!» ሲል ሌላው «እኔ ዘጠኝ!» ይላል። ኪስ ሲሞላ ቦርሳ፣ ቦርሳ ሲሞላ የሹራብ እጅጌ ተቋጥሮ ድንጋይ ተከተተበት። መምህራችን ከታች ሆነው «የት እንዳገኛችሁት ጻፉ! ደብተራችሁን አውጡ!» እያሉ ይጮኻሉ። እኛም «እሺ መምህር!» እንላለን። «እሺ» ማለት ምን ይከብዳል? ደብተሩ ግን ከቆሎው ጋር ቦርሳ ውስጥ ቀረ።

ከቀትር በኋላ ከመካከላችን አንዱ ከድንጋዮቹ ለየት ያለ ነገር አነሣ። የአውራ ጣት ጥፍር ታክላለች፤ ጥቁር ቡናማ ናት፤ ጫፏ ሹል ነው፤ በፀሐይ ስትታይ እንደ ተወለወለ ሸክላ ታበራለች። ጥርስ ናት። ከእጅ ወደ እጅ ዞረች፤ ሁላችንም አየናት፤ ሁላችንም ነካናት። ከዚያ አንዱ ኪስ ገባች። የማን ኪስ እንደ ነበረ እንኳ በኋላ ተከራክረንበታል።

በማግሥቱ ያመጣነውን ሁሉ በሳይንስ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍነው። በገንዳ ውኃ አቅርበን በጥርስ ብሩሽ ፈግፍገን አጠብነው፤ ጥርሷንማ ከሁሉም አብልጠን እስክታበራ ድረስ አሸናት። ከዚያ መለየት ጀመርን። እዚህ ላይ አንድ ጥሩ ነገር እንደተማርን መካድ አይገባም። ዛጎል ሁሉ አንድ አይደለም። አንዳንዱ እንደ መጽሐፍ የሚከፈቱ ሁለት ክዳኖች አሉት፤ ግራና ቀኙ እንደ ሁለት መዳፍ ይመሳሰላሉ። ሌላው ደግሞ ብራኪዮፖድ ይባላል፤ ሁለቱ ክዳኖቹ አይመሳሰሉም፤ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱን ክዳን መሐል ለመሐል ብትከፍሉት ግራው ከቀኙ ጋር እኩል ነው። የባሕር ጃርትም ነበረ፤ ክቡ ጀርባው ላይ አምስት መስመር እንደ ኮከብ ተዘርግቶበታል። የቀንድ አውጣ ዘመድ የሆነ ጥምዝምዝም ነበረ። በእውነቱ ደስ የሚል ጧት ነበር።

መምህራችን መጡ። ጠረጴዛውን ዞሩት። ጥርሷን አንሥተው ብዙ ጊዜ አዩዋትና ቀስ ብለው «የት አገኛችኋት?» አሉ።

«ከፈፋው» አልን።

«ከየትኛው? አራት ነበሩ።»

አንዱ «ከግራው» አለ። ሌላው «ኧረ ከመሐለኛው ነው፤ እኔ አጠገቡ ነበርኩ» አለ። ያነሣት ልጅ ራሱ «እንጃ፤ ውኃ ልጠጣ ወርጄ ስመለስ ይመስለኛል» አለ። ተከራከርን፤ ተቆጣን፤ በመጨረሻም ዝም አልን። መምህራችን ጥርሷን ጠረጴዛው ላይ መልሰው አስቀመጡና ወንበር ስበው ተቀመጡ። አልተቆጡንም። ቢቆጡን ይቀለን ነበር።

«ስሙኝ ልጆቼ» አሉ። «የማን ጥርስ እንደሆነች ሊቅ ሰው ቅርጿን አይቶ ሊናገር ይችል ይሆናል። መቼ እንደኖረ የሚናገረው ግን ጥርሷ አይደለችም፤ የተኛችበት ድንጋይ ነው። ከኖራ ድንጋዩ ከወጣች የባሕር ፍጥረት ናት። ከሱ በላይ ካለው የጭቃ ድንጋይ ተንከባልላ ከመጣች በየብስ ወይም በወንዝ የኖረ ሊሆን ይችላል፤ ዘመኑም ይለያል። ምናልባትም ትናንት የሞተ የጅብ ጥርስ ትሆናለች። አሁን ይኸን ሁሉ ማን ይንገረን?»

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። እኛ ግን ያፈሰስነውን መልሰን ልንለቅመው አልቻልንም።

በኋላ ደግሞ ሁለተኛው ጥፋታችን ተነገረን። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ እንዳይካሄድ፣ በአጋጣሚ የተገኘም እንደሆነ እንዳለ ተጠብቆ ወዲያውኑ ለባለሥልጣኑ እንዲነገር ደንግጎአል። እኛ ይኸን አናውቅም ነበር። «አላወቅንም» ማለት ግን ለመምህር መልስ አይሆንም። በተቋሙ በኩል ጥርሷን ለሚመለከተው ክፍል ለማስረከብ ደብዳቤ ተዘጋጀ። ቅጹ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ «የተገኘበት ቦታ» የሚል ነበር። ጸሐፊዋ ታይፕ ማድረጓን አቁማ አየችን። እርስ በርሳችን ተያየን። በመጨረሻ «ከደጀን በታች፣ አባይ በረሃ» ብላ ጻፈች። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ የሚጠልቅ ሸለቆ፣ ሺህ ፈፋ ያለው አገር፣ በአንዲት መስመር ውስጥ ተከተተ። ጥርሷ ሄደች፤ እኛ ጋ የቀሩት ሠላሳ አራቱ ድንጋዮች ናቸው።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በጥር 2008፣ ወደዚያው ፈፋ ተመለስን። በዚህ ጊዜ ከወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት የፈቃድ ወረቀት ይዘናል፤ ቁጥራችንም ስምንት ብቻ ነው። አንድም ድንጋይ ላንወስድ ተማምለናል። የሄድነው የጥርሷን ቦታ ለመፈለግ ነበር።

ፈፋው አፍ ላይ ፍየል የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ አገኘን። በትራቸውን ተደግፈው ጥቂት ካዩን በኋላ «አምና ድንጋይ ስትለቅሙ የዋላችሁት እናንተ ናችሁ?» አሉን።

«አዎ አባባ፣ እኛ ነን።»

«ታዲያ ዛሬ ምን ጎደለባችሁ?»

ነገሩን አጫወትናቸው። ሽማግሌው ፈገግ አሉ። «እነዚህን ዛጎሎች እኛ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃቸዋለን። አባቶቻችን የኖኅ ዘመን ውኃ ያመጣቸው ናቸው ይሉን ነበር። እናንተ ሌላ ታውቁ ይሆናል። ፈፋውን ግን እኔ አውቀዋለሁ» አሉና በበትራቸው አመለከቱን። «ከዚህኛው የሚወርደው ድንጋይ ነጭ አፈር ይዞ ነው። ከዚያኛው ቢጫ። ያ ከላይ የሚመጣው ደግሞ ቀይ ጭቃ ነው፤ ልብስ ከነካ አይለቅም። ጥርስ ነው ያላችሁት ነገር ላይ የነበረው አፈር ምን ዓይነት ነበር?»

ማናችንም አልመለስንም። አፈሩን በጥርስ ብሩሽ ፈግፍገን አጥበነዋል፤ ውኃውንም ከግቢው ጽድ ሥር ደፍተነዋል። ከመካከላችን አንዱ ቀስ ብሎ «አጠብነው» አለ።

«አይ» አሉ ሽማግሌው፤ «አፈሩ ነበር የሚነግራችሁ።»

እኝህ ሰው በሥነ ምድር ትምህርት ቤት አልገቡም። ግን ቀኑን ሙሉ ፍየሎቻቸውን ትተው ከእኛ ጋር ዋሉ፤ እኛም በዚያ ቀን ካለፈው ዓመት ሁሉ የበለጠ ተማርን። በፈፋ ወለል ላይ የተገኘ ድንጋይ መንገደኛ ነው። ሩቅ የተጓዘው ጠርዙ እየተፋተገ ክብ ይሆናል፤ ከቅርብ የመጣው ጠርዙ ገና ስለት አለው። ስለዚህ አንድ ዓይነት ዛጎል ካያችሁ ወደ ላይ ሂዱ። ዛጎሉ እየበዛ፣ ጠርዙም እየሰላ ይመጣል። ከዚያ በድንገት ይጠፋል። የጠፋበትን ቦታ አልፋችሁ ከሆነ ተመለሱ፤ ቤቱ በግራ ወይም በቀኝ ባለው ግድግዳ ላይ ነው። እኛም እንዲሁ አደረግን። በመሐለኛው ፈፋ ሽቅብ ሁለት መቶ አርባ እርምጃ ከሄድን በኋላ የባሕር ጃርቶቹ ከወለሉ ላይ ጠፉ። ቀና ስንል በቀኝ በኩል፣ ከራሳችን ትንሽ ከፍ ብሎ፣ አንድ ክንድ የሚሆን ንብርብር አየን፤ ጃርቶቹ እንደ ዳቦ ላይ ጥቁር አዝሙድ ተሰክተውበታል። ማንም አልነካቸውም። ያየናቸው እንደተኙ ነው።

ያን ጊዜ ነበር ነገሩ የገባን። መሬት ላይ ያለው ድንጋይ ብቻውን «እዚህ አገር ባሕር ነበር» ይላል። ግድግዳው ላይ ያለው ግን ከሥሩ ምን እንደነበረ፣ ከላዩ ምን እንደመጣ፣ ከማን ጋር እንደኖረ፣ ባሕሩ ጥልቅ ይሁን ዳርቻ፣ ይኸን ሁሉ ይናገራል። አምና የለቀምናቸው ሠላሳ አራት ድንጋዮች አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ የሚያውቁ ናቸው። የቀረውን ታሪካቸውን የወሰድንባቸው እኛ ነን።

የጥርሷን ቦታ አላገኘንም። በመካከሉ ክረምት ገብቶ ነበርና ፈፋዎቹ አዲስ ድንጋይ አውርደዋል፤ አሮጌውን ጠርገው ለአባይ ሰጥተዋል። ሽማግሌው ሲሰናበቱን «ፈፋ በየዓመቱ ገጹን ያጥባል፤ ያየኸውን በዓመቱ ያየኸው ቀን መያዝ ነው» አሉን።

ይኸ የእኛ ብቻ ትንሽ ወሬ እንዳይመስላችሁ አገራችን የምትታወቅበትን አስቡ። ድንቅነሽ በኅዳር ወር 1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር ስትገኝ መጀመሪያ የታየችው በአንድ ፈፋ ዳገት ላይ የተጣለች የክንድ አጥንት ቁራጭ ነበረች። በአጠገቡ ያሉት ቁርጥራጮች እዚያው ባሉበት ስለተፈለጉ ከአፅሟ 40 በመቶ የሚሆነው ተገኘ። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜዋም የታወቀው አጥንቷን አይቶ በመገመት አልነበረም፤ በአካባቢው ካሉት የእሳተ ገሞራ አመድ ንብርብሮች ጋር በማያያዝ ነው። በጥር 2005 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው በአፋር፣ ሌዲ ገራሩ በተባለ ቦታ፣ 2.8 ሚሊዮን ዓመት የሚሆነውን የመንጋጋ ቁራጭ ያገኘው ቻላቸው ሥዩም የተባለ ኢትዮጵያዊ ነበር፤ ያን ጊዜ ገና ተማሪ ነው። ለመሆኑ ያንን መንጋጋ አንድ ቸኩሎ አላፊ እንደ እኛ ኪሱ ከትቶት፣ ቤቱ ወስዶ በብሩሽ ቢያሸው ኖሮ ምን ይቀር ነበር? ካርቶን ውስጥ የተቀመጠ አንድ ድንጋይ፤ ክዳኑ ላይ «ከአፋር የመጣ» የሚል።

እንግዲህ እናንተ በመጪው ዓመት በየገጠሩ ትምህርት ቤት የምትመደቡ እጩ መምህራን ናችሁ። ብዙዎቻችሁ የምትሄዱበት መንደር አጠገብ ፈፋ አለ። ቤተ ሙከራ የለም ብላችሁ አትዘኑ፤ ነገር ግን እንደ እኛም አትሩጡ። ከመውጣታችሁ በፊት የወረዳችሁን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። የአካባቢውን ሽማግሌ አስቀድማችሁ አነጋግሩ፤ የፈፋውንም ስም ከእሳቸው ጻፉ። ልጆቹን ሁለት ሁለት አድርጋችሁ አሰማሩ፤ አንዱ ይመልከት፣ ሌላው ይጻፍ። ቀኑን፣ የፈፋውን ስም፣ ከታወቀ ዛፍ ወይም ቋጥኝ ስንት እርምጃ እንደሆነ፣ ግራ ይሁን ቀኝ፣ ወለል ላይ ይሁን ግድግዳ ላይ፣ የአፈሩን ቀለም ይመዝግቡ። የተገኘውን እንዳለ ይሳሉት፤ መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ ማስመሪያ ያስቀምጡ። ስልክ ካለ ፎቶ አንሡ።

ለማስተማሪያስ ምን እንያዝ? ትሉ ይሆናል። ለዚህም መላ አለው። እኛ ለምነን ባገኘነው ፈቃድ፣ ወለል ላይ ወድቀው ባገኘናቸው ዛጎሎች ላይ የሸክላ ጭቃ በቀስታ ተጭነን ማኅተማቸውን ወሰድን፤ ዛጎሎቹን እዚያው ተውናቸው። ክፍላችን ተመልሰን በማኅተሙ ውስጥ ጀሶ በጥብጠን አፈሰስንበት። ሲደርቅ መስመሩና ጥርብ ጥርቡ ሳይቀር ወጣ። በሳይንስ ክፍሉ መስኮት ላይ የተደረደሩት ነጫጭ ዛጎሎች እነዚህ ናቸው። ከእያንዳንዱ ጀርባ ቁጥር አለ፤ በደብተሩም ውስጥ ለእያንዳንዱ ቁጥር አንድ ገጽ አለ። ልጆች እንደፈለጉ ይዳስሷቸው፤ ቢሰበሩም ሌላ እናፈሳለን።

ካርቶኑን ግን አንጥለውም። አንዳንዶች «የት እንደመጣ የማይታወቅ ድንጋይ ምን ይሠራል? ለምን አይጣልም?» ብለውናል። ሥራማ አለው። በየዓመቱ አዲስ ሰልጣኞች ሲመጡ ካርቶኑን ጠረጴዛ ላይ እናወጣና አንዱን ድንጋይ እናስይዛቸዋለን። ከዚያ መምህራችን ያን ቀን እኛን የጠየቁንን ያችኑ ጥያቄ እንጠይቃቸዋለን። ዝም ይላሉ። እኛም ትንሽ ዝም እንላለን። ከዚያ በኋላ ደብተራቸውን እንዲያወጡ እንነግራቸዋለን።